ሊቀ አሻራ ጋሽ ጁማ

በዚህ አገር ያለ ሊቅ የቆመ ሰልፍ የለም። ባንክ ይሁን ወፍጮ ቤት፣ የራሱን ጉዳይ ከጨረሰ ወር ያለፈው፣ የእኛን ትቶ መሄድ ግን አንጀቱ ያልቻለ አንድ ሰው አይጠፋም። እግዜር ቡሬን ሲወዳት ደግሞ ክቡር ሊቀ አሻራ ጋሽ ጁማን ሰጣት።

ጋሽ ጁማ በርበሬ ነጋዴ ናቸው። ለዲጂታል መታወቂያ የተመዘገቡት ገና መዝጋቢዎቹ ዕቃቸውን ፈተው ሳይጨርሱ ነው። ከዚያ ወዲህ ሱቁን ለባለቤታቸው ለእትዬ ናጂሃ አደራ ብለው፣ ቀበሌው አዳራሽ ከአሻራ ማንበቢያው አጠገብ ይውላሉ። ማዕረጉን የሰጣቸው ከየገጠሩ የሚመጣው ገበሬ ነው፤ እሳቸውም «ኧረ ተዉ» እያሉ ተቀብለውታል።

«ጣትህን አታስፈራራው፣ አባብለው!» ይላሉ።

አንዱ እርፍ የጨበጠ ይመስል መስታወቱን ሲጫነው፣ «ቀስ! እርሻ ላይ አይደለህም!» ሀኒ የምትባል ኮረዳ እጇን ቅባት ተለቅልቃ ስትመጣ፣ «ልጄ፣ ሠርግ ነው የጠሩሽ?» ብለው ወደ ቧንቧው ይሰዷታል። ጣቱ እንደ በጋ መሬት የተሰነጠቀውን ግን፣ «ግንባርህን ዳብስበት፣ ወዝ አበድረው» ይሉትና መስታወቱን በጋቢያቸው ጫፍ ይወለውላሉ። ማሽኑ «ጢጥ» ሲል፣ እሳቸው እንደ ሠሩት ሁሉ ጣራ ጣራ ያያሉ።

ምዝገባው በሚዘጋበት ቀን እማማ አቻምየለሽ መጡ። ልጃቸው አምለሰት ባሕር ዳር መውለጃዋ ደርሷል። ያለ መታወቂያ መንገድ የለም፤ እናት ካልደረሰች ደግሞ ማን ያርሳታል?

ግንባር ተዳበሰ፣ መስታወት ተወለወለ። መዝጋቢዋ ሜላት «እንደገና» አለች። አሁንም «እንደገና»። እማማ ጣታቸውን አይተው አንጎራጎሩ፦

«አረም ሲነቅል ኖሮ ልጅ ያሳደገ እጅ፣
መስታወት ባያውቀው አፈር ያውቀዋል እንጅ።»

እኔ፣ ከተመዘገብኩ ሰንብቼም ከአዳራሹ ያልጠፋሁት፣ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ። ጋሽ ጁማ ግን ዓይናቸው ከእማማ ክርን ላይ ነበር። ለካ እማማ ጣታቸውን የሚዘረጉት ለትልቅ ሰው እጅ እንደሚነሳ ነው፤ ቀኝ ክርናቸውን በግራ መዳፋቸው ደግፈው፣ ጎንበስ ብለው። አክብሮት ያንቀጠቀጠውን ጣት ማን ያንብበው!

«እታለም፣ ይኼ መስታወት ሹም አይደለም፤ እጅ አይንሱት። ይቀመጡ፣ ክርንዎን ጠረጴዛው ላይ ያሳርፉ። እንግዲህ የልጅ ልጅዎ ግንባር ነው እንበል፤ ተኝቷል፣ ሙቀቱን ይዩለት።»

«እንዳይነቃብኝ፣ ወንድምዓለም?»

«ቀስ ካሉ አይነቃም።»

እማማ ትንፋሻቸውን ዋጥ አድርገው ጣታቸውን አሳረፉ። «ጢጥ!» አረንጓዴ በራ።

«ውይ፣ ቀሰቀስኩት!» ብለው ጣታቸውን ሲያነሱ አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። የቀሩት ጣቶች ተከታትለው አለፉ።

መዝጋቢዎቹ ወደ ፍኖተ ሰላም ተዛወሩ። ዛሬ ጠዋት ጋሽ ጁማን መናኸሪያ አገኘኋቸው። በርበሬ አልያዙም፤ ጋቢያቸው ግን ታጥቦ በረዶ መስሏል።

«አምለሰት ሴት ልጅ ተገላገለች፤ እናቷም ደርሰውላታል» አሉኝ፣ ራሳቸው እንዳዋለዱ ኮራ ብለው።

«እሰይ! ወዴት ነው ታዲያ ጉዞው?»

«ፍኖተ ሰላም... ዘመድ ልጠይቅ ብዬ።»

«እኔም ዘመድ ልጠይቅ ነው» አልኳቸው።

እዚያ አንድም ዘመድ የለኝም። ጠጋ አሉልኝ፤ አጠገባቸው ተቀመጥኩ።