የጉልበት ንግሥቷ ሆድ ክፍል የገባች ዕለት

ጎበዝ፣ ዛሬ የሆንኩትን ብነግራችሁ ነገ መንገድ ላይ ሰላም አትሉኝም።

ቢሆንም እነግራችኋለሁ። ለባሌ ሳልነግር ለእናንተ መጻፌ ራሱ ደህና እንዳልሆንኩ ያሳያል፤ እሱን ተዉት።

ለማታውቁኝ፣ እዚህ ሲያትል አንድ ሆስፒታል ኦፕሬሽን ክፍል ውስጥ ነው የምሰራው። ስክራብ ቴክ ነኝ። ሰርጀኑ እጁን ሲዘረጋ መሣሪያውን የማቀብለው እኔ ነኝ። ለሚያየው ማቀበል ይመስላል። ዋናው ሥራ ግን ሰውየው አፉን ሳይከፍት የሚፈልገውን ማወቅ ነው።

እኔ ደግሞ ጉልበት ነኝ።

ማለቴ፣ እስከ ዛሬ ጉልበትና ዳሌ መቀየር ላይ ብቻ ነው የሰራሁት። መዶሻው፣ መጋዙ፣ ሲሚንቶው... አዎ፣ ሲሚንቶ አለ፤ አዲሱን ጉልበት አጥንቱ ላይ የሚያጣብቁበት! ዓይኔን ጨፍኜ አቀብላለሁ። የአጥንት ሐኪሞቹ ገና ከበር ሲያዩኝ "ንግሥታችን መጣች" ይሉኛል።

እኔም አመንኳቸው። ጉዱ የጀመረው እዚያ ላይ ነው።

ዛሬ ጠዋት ስብሰባ ነበረን። አለቃችን ረጋ ያለች ሴት ናት። ከእንግዲህ ሁሉም ሰው በየክፍሉ እየተዘዋወረ ይሰራል አለች። አጥንት ላይ ያለው ሆድ ይልመድ፣ ሆድ ላይ ያለው ማህፀን ይልመድ። አንድ ሰው በቀረ ቁጥር ክፍል እየተዘጋ ተቸግረናል አለች።

እጄን አወጣሁ።

ማን አውጪ አለሽ በሉኝ።

በእንግሊዝኛዬ አሳምሬ ተናገርኩ። አንድ ነገር ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው ይሻላል፤ ሁሉን የሚነካካ ሰው ሁሉንም ግማሽ ግማሽ ነው የሚያውቀው፤ በሽተኛ ደግሞ ግማሽ አይፈልግም አልኩ። አንዳንዱ ራሱን ነቀነቀልኝ። ደስ አለኝ።

ከኋላዬ ሙና ተቀምጣ ነበር።

ሙና የደሴ ልጅ ናት፤ ቱክዊላ ነው የምትኖረው። እሷም እንደኔው ስክራብ ቴክ ናት፤ ግን ቋሚ ክፍል የላትም። ዛሬ ሆድ፣ ነገ ማህፀን፣ ከነገ ወዲያ ጆሮ። ሰው የጎደለበት ሁሉ ይልኳታል። "ሁሉን የሚነካካ" ስል ማንን ማለቴ እንደሆነ ስብሰባው ሁሉ ያውቃል። እሷ ግን ስልኳን ማየቷን ቀጠለች።

ሶ፣ ከስብሰባው እንደወጣን የኔ ጉልበት ካንስል ሆነ። በሽተኛው ትኩሳት ይዞት። ሆድ ክፍል ደግሞ ሰው ጎድሏል። አለቃዬ መጣችና፣ ሐሞት ከረጢት የሚወጣላት ሴት አለች፣ በትንሽ ቀዳዳ በካሜራ የሚሰራ ቀላል ኬዝ ነው፣ ትችያለሽ ወይ አለችኝ።

አብሮኝ ሰው ይግባ ማለት ነበረብኝ። እሷም ትሰጠኝ ነበር።

ግን አስቡት፣ ያን ሁሉ ንግግር አድርጌ?

እችላለሁ አልኳት።

በሽተኛዋ ማን እንደሆነች አልነግራችሁም፤ ኮሜንት ላይም እንዳትጠይቁኝ። ማደንዘዣው ሳይወስዳት ዞር ብላ እንዳየችኝና ፈገግ እንዳለች ብቻ እወቁ። እኔም ዓይኔን ጠቅሼ አይዞሽ አልኳት። አይዞሽ የሚለኝ ሰው የሚያስፈልገኝ እኔው!

ጠረጴዛዬን አዘጋጀሁ። ተምሬው የረሳሁትን ከጭንቅላቴ እየፈለግሁ ደረደርኩ። ከክፍሉ ውጭ ዕቃ የሚያመጣልን ነርስ፣ ፊሊፒኖ ልጅ ነው፣ ድንገት ሆዷን መክፈት ቢያስፈልግ የመክፈቻ መሣሪያዎቹ ትሬይ እዚህ አለ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ጥግ ላይ አንድ የታሸገ ትሬይ አየሁ። የምን እንደሆነ አላነበብኩም።

"አለ" አልኩት።

ሥራው ተጀመረ። ሰርጀኗ ብዙ ቃል የማታባክን ሴት ናት። መጀመሪያ ላይ ደህና ሄደ። እንዲያውም፣ ይሄ ነው እንዴ የሚከብደው ብዬ ልቤ ትንሽ አበጠ።

ከዚያ ስክሪኑ ቀላ።

እንዲህ ሲሆን አይታችሁ አታውቁም፤ አትዩም። ሁሉ ነገር በግልጽ ይታይ የነበረበት ቦታ በአንድ ጊዜ ደም ብቻ ሆነ። ሰርጀኗ ዓይኗን ከስክሪኑ ሳትነቅል እጇን ዘረጋችና ደም ስሩን የምትቆልፍበትን ክሊፕ ጠየቀች። ሰጠኋት። ክሊፑ መያዣው ላይ በደንብ አልገባም ነበርና ሳይደርስ ወደቀ። እንደገና ጠየቀች። ሌላ መሣሪያ ሰጠኋት።

አይታው መለሰችልኝ።

አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። የሚደማውን ቦታ በያዘችው መሣሪያ ጨብጣ፣ ሳትነቃነቅ፣ "እንከፍታለን፤ ትሬዩን" አለች።

ነርሱ ጥግ ላይ ያለውን ትሬይ ብድግ አድርጎ ጽሑፉን አነበበ። ከዚያ እኔን አየ።

የሕፃናት ነው። ሕፃን ልጅ የሚሰራባቸው ትንንሽ መሣሪያዎች! ለአዋቂ ሆድ!

ነርሱ የድንገተኛውን ደወል ተጭኖ ሮጦ ወጣ። የማደንዘዣ ሐኪሙ የደም ግፊቷ እየወረደ ነው አለና ደም እንዲመጣ አዘዘ። ሰርጀኗ የሚደማውን ቦታ እንደጨበጠች ናት። እኔ ጓንት ያጠለቁ ሁለት እጆቼን ደረቴ ላይ ይዤ ቆሜያለሁ። በዚያ ክፍል ውስጥ ምንም የማይሰሩት የኔ እጆች ብቻ ናቸው።

የበሽተኛዋ ፈገግታ ትዝ አለኝ። ጉልበቴ ተብረከረከ። አዎ፣ ጉልበቴ! ሳቁ፣ ግዴለም።

በሩ ተከፈተ። ሙና።

ታጥባ ነው የገባችው፤ ከእጇ ውሃ ይንጠባጠባል። ፎጣ ሰጠኋት፣ ጋውን አለበስኳት፤ እሱን እንኳ እችላለሁ። አጠገቤ ቆመችና ቀስ ብላ በአማርኛ፣

"አንቺ መምጠጫውን ያዢ፤ ከዶክተሯ እጅ ዓይንሽን አትንቀዪ። ሌላውን ለኔ ተይልኝ" አለችኝ።

ቀጥላ ወደ ሰርጀኗ ዞረች። የተናገረችው እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ።

"ካንቺ ጋር ሆድ ከፍቼ አላውቅም። የምትፈልጊውን በስሙ ጥሪልኝ።"

ልብ በሉ። ሰው እየደማ፣ ሁሉም እየሰማ፣ አላውቅም አለች። ሰርጀኗም ኦኬ ብላ ቀጠለች። ሰማይ አልወደቀም።

ትሬዩ መጣ። ሙና ፈትታ ደረደረችው። ሰርጀኗ ከፈተች፤ እየጠራች ተቀበለች። አንድ ጊዜ ሙና ሁለት መሣሪያ አንስታ የትኛውን ነው ብላ ጠየቀች፤ ሰርጀኗ በአገጯ ጠቆመቻት። እኔ ደሙን እመጥጣለሁ። የማደንዘዣ ሐኪሙ ቁጥር ይጠራል፤ ቁጥሩ ይወርዳል።

ከዚያ ሰርጀኗ "ያዝኩት" አለች።

ማንም አላጨበጨበም፤ ፊልም አይደለም። ቀስ በቀስ ቁጥሩ መውጣት ጀመረ። የሁሉም ትከሻ ሲወርድ አየሁ።

ሲያልቅ ሰርጀኗ ጓንቷን እያወለቀች አጠገቤ መጣች። "የማታውቂው ከሆነ ከመግባታችን በፊት ትነግሪኛለሽ። ሆድ ውስጥ ሆኜ አይደለም ማወቅ ያለብኝ" አለችኝና ሄደች። የቆሸሹትን መሣሪያዎች መሰብሰብ ጀመርኩ።

ቀጥሎ አለቃዬ ቢሮ። ነርሱም አለ። እኔ አፌን ሳልከፍት እሱ፣ ትሬዩን ራሴ አንስቼ ማየት ነበረብኝ፣ ጥፋቱ የኔ ነው አለ።

እውነቱን ልንገራችሁ? ለአንድ አፍታ ዝም ልል ነበር። ልጁ ራሱ ተሸክሞታል፤ ዝም ብል ያልፋል። የቤት ኪራዬ ዓይኔ ላይ መጣ፤ ባሌ መጣ።

"እሱ ጠይቆኛል። እኔ ሳላይ አለ አልኩት" አልኩ።

አለቃዬ ያልኩትን ጻፈችው። ኬዙ በኮሚቴ ይታያል አለችኝ፤ ምን እንደሚወስኑ አላውቅም። እስከዚያ ከጉልበት ክፍል ውጭ ብቻዬን እንዳልገባ፣ ከሰኞ ጀምሮ ደግሞ ከሙና ጋር ሆድ እንድለማመድ አዘዘችኝ። ጠዋት ስለተናገርኩት አንድ ቃል አላነሳችብኝም። እሱ ነው የገደለኝ።

ሙናን ልብስ መቀየሪያው ክፍል አገኘኋት። የጠዋቱን ይቅር በይኝ አልኳት። ሻሿን እያስተካከለች ሳቀች። ባለፈው ክረምት እኔ እረፍት ወጥቼ እሷን ጉልበት ክፍል ልከዋት ኖሯል። ሐኪሙ በየደቂቃው "እሷ የት ናት?" እያለ ሲነጫነጭባት ውሎ፣ ሽንት ቤት ገብታ አለቀሰች። እኔ ይህን ዛሬ መስማቴ ነው።

"ያልሽው ልክ ነው፤ ብዙውን ግማሽ ነው የማውቀው" አለችኝ። "ግማሽ መሆኑን ግን በር ላይ ነው የምናገረው።"

እንግዲህ አባቴ፣ ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር ባንዱ ተንጠልጠል ይል ነበር። እኔ አንድ ባላ ተክዬ እሱን በወርቅ ስለብጥ ኖርኩ። ግን ደግሞ ሙናን ስሰማት፣ አሥር ባላ መትከልም የራሱ ለቅሶ አለው። የቱ እንደሚሻል ዛሬ ጠዋት በደንብ አውቅ ነበር፤ አሁን ጠፍቶብኛል።

ስወጣ በማገገሚያው ክፍል በኩል አለፍኩ። በሽተኛዋ ነቅታለች። ጉሮሮዋ ደርቆ በረዶ ስጡኝ እያለች ነርሷን ትነዘንዛለች። እንደዚያ ደስ የሚል ንዝንዝ ሰምቼ አላውቅም። ሆዷ ላይ ሊኖር የማይገባ ትልቅ ስፌት አለ። ቀድመን ብንዘጋጅም ይከፈት ነበር ይላሉ። ይበሉ። እኔ ለራሴ እንደዚያ ማለት አልቻልኩም።

አሁን ባቡር ላይ ነኝ፤ ቢከን ሂልን አለፍን። ሬኒየር ቢች እስክደርስ ለባሌ እንዴት እንደምነግረው እያሰብኩ ነው።

ኦኬ፣ እናንተን ልጠይቅ። ሥራ ቦታችሁ ላይ፣ ሰው ሁሉ እያያችሁ፣ "አላውቅም" ማለት የምትችሉ ስንቶቻችሁ ናችሁ?

"እኔ እችላለሁ" ብላችሁ ከመጻፋችሁ በፊት ግን ትንሽ አስቡ። እኔም ዛሬ ጠዋት ብትጠይቁኝ ያንኑ ነበር የምላችሁ።