የትም የማያደርስ አስፋልት

እኛ ከተሜዎች መሄድን ማዕረግ ሰጥተነዋል። ገበሬ አህያውን እየነዳ አርብ ገበያ ግማሽ ቀን ቢጓዝ «ሄደ» ነው የሚባለው። እኔ ግን ነጭ ጫማዬን አስሬ ጣና ዳር ለጣና ዳር ብንፏቀቅ «ዎክ አደረገ» እባላለሁ። ማድረጌን ልብ በሉልኝ! ባሕር ዳር ላይ ለዚሁ ተግባር የተነጠፈ፣ ሐይቁን እየታከከ የሚሄድ፣ እንቅፋት ተፈልጎ የማይገኝበት አስፋልት አለ። እሑድ እሑድ ከዚያ አንታጣም፤ እኔና ባለቤቴ በእግር፣ የዘጠኝ ዓመቷ ልጃችን ሶስና በብስክሌት።

አንድ ታኅሣሥ አባቴ ከስማዳ መጡ። «የእናትህ ሙት ዓመት ጥር ላይ ነው። ለቀብሯ ብቻህን መጥተህ በሦስተኛው ቀን ተመለስክ። አሁን እንኳ ልጅህን ይዘህ ና» አሉኝ። ሁለት አውቶቡስ ቀያይረው የመጡት ለዚህች ቃል ነው። ስልክ ነበራቸው፤ ግን በስልክ እምቢ ማለት ቀላል መሆኑን ያውቃሉ። እኔ ደግሞ ፊት ለፊትም እምቢ ማለት የማያቅተኝ የተማርኩ ሰው ነኝ። ሰበቤ የታወቀ ነው፤ መንገድ። ወገዳ ድረስ መኪናው እያንገጫገጨም ቢሆን ያደርሳል፤ ከወገዳ እኛ ቤት ግን ሁለት ሰዓት በእግር ነው።

«አባዬ፣ እኔስ እችለው ነበር። ልጅቷ ናት እንጂ! ያን ሁሉ መንገድ እንዴት ትሄደዋለች?» አልኳቸው።

«እንግዲህ እሷ ካልቻለች…» ብለው ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው ሳቡ። ነገሩ ጎረበጠኝ። እሑድ ሲደርስ ደስ ላሰኛቸው ብዬ ጣና ዳር ይዣቸው ወጣሁ። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ የተባለው ለእኔ ነው።

«ይኼ መንገድ የት ያደርሳል?» አሉ ገና እንደ ጀመርን።

«የትም፣ አባዬ። ሄደው ሄደው ይመለሱበታል።»

ቆም ብለው አስፋልቱን በዱላቸው ጫፍ መታ መታ አደረጉት። «ወገዳ የሚያደርሰው ጭቃ፣ የትም የማያደርሰው አስፋልት» አሉ። እኔ የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ፤ ማን እንደሰማ ግራና ቀኝ አየሁ።

የሚያልፈውን ሁሉ «እንደምን ዋላችሁ» እያሉ ቀጠሉ። ሁለት ሴቶች አባቴ የሚለምኑ መስሏቸው ዓይናቸውን ወደ ሐይቁ አዞሩ። ይኼን እንኳ ችዬው ነበር። ያልቻልኩት የመጣው ከኋላ ነው።

በእኛ አገር ሰው በከንቱ አይሮጥም። የሚሮጥ ሰው ከታየ ወይ ቤት ተቃጥሏል፣ ወይ ከብት ገደል ገብቷል፣ ወይ ሰው ሞቷል። ያየ ሁሉ የያዘውን ጥሎ ይከተላል፤ ያልተከተለ ይታማል። እንግዲህ አንድ ቦርጩ የሚቀድመው ሰውዬ በላብ ተጠምቆ፣ ጆሮው ላይ ማዳመጫ ሰክቶ፣ ፊቱን አጨማዶ በአጠገባችን ሮጦ አለፈ።

«ወንድሜ፣ ምን ደረሰብህ?» ብለው ተጣሩ አባቴ። ሰውዬው የት ሰምቶ! ጋቢያቸውን እኔ ላይ ወርውረው፣ ዱላቸውን ጨብጠው ተከተሉት። ዞር ሲል ባለዱላ ሽማግሌ እየመጣበት ነው። ከዚያ ወዲያ የሮጠው በዕድሜው የመጀመሪያው የእውነት ሩጫ ይመስለኛል። ሶስና በሳቅ እየፈረሰች በብስክሌቷ አጀበቻቸው። እኔ ደግሞ፣ ይቅር በሉኝና፣ ጋቢውን አጣጥፌ የማላውቃቸው መሰልኩ።

ሰውዬው ትንፋሹ አልቆ አግዳሚ ወንበር ላይ ሲወድቅ ደረሱበት፤ እኔም እየተቻኮልኩ ከኋላ ደረስኩ።

«አይዞህ! ማን ሞተብህ?»

«ኧረ ማንም አልሞተም፣ አባት! ሐኪም ነው ሩጥ ያለኝ፤ ለውፍረት።»

አባቴ ከእግሩ እስከ ራሱ አዩት። «ለዚህ ለዚህማ ስማዳ ና» አሉት፤ «ያልተወቃ ስንዴ አለኝ።» ከዚያ «እግዜር ይማርህ» ብለው መርቀውት ተመለሱ። የምናለከልከው ሰውዬውና እኔ ነበርን።

አስፋልቱ የሚያልቅበት ስንደርስ ሶስና አያቷን ለማጽናናት ፈለገች። «ደከመዎት እንዴ፣ አያቴ? ብስክሌቴ ተበላሽቶ በነበረ ጊዜ እኮ እኔ ሁሉንም በእግሬ ነበር። ሄደን እስክንመለስ ሁለት ሰዓት ሙሉ! በየእሑዱ!»

ባለቤቴ አየችኝ። እኔ ሐይቁን አየሁ።

ከልብ ካለቀሱ እንባ አይገድም ብለው ይተርቱብኛል ብዬ ስጠብቅ፣ አባቴ ምንም አልተረቱም። ጋቢያቸውን ከእጄ ተቀብለው ለበሱ፤ የልጅቷን ራስ ዳሰሱ። «እሰይ፣ የኔ ጎበዝ» አሏት። ለእኔ የቀረችው አንዲት ቃል ነበረች። «እናትህ ያለችበት ሐይቅ የለውም እንጂ፣ ርቀቱስ ይኸው ነው።»

ጥር ላይ ሄድን። ከወገዳ ወዲያ ሶስና አያቷን እጃቸውን ይዛ፣ ያገኘችውን ሁሉ «እንደምን ዋላችሁ» እያለች ከፊት ገሠገሠች። መንገዱን መሄድ ያቃተኝ እኔ ሆንኩ። ነጩ ጫማዬ ጠጠር አያውቅም። ከዓይኔ ሲርቁብኝ ጊዜ ልደርስባቸው መሮጥ ጀመርኩ።

አውድማ ላይ እህሉን ወደ ነፋስ ይበትን የነበረ ገበሬ አየኝ። መንሹን እንደያዘ ጭዱን ጥሶ መጣ።

«ምነው ወንድሜ! ማን ሞተብህ?»

«እናቴ» አልኩት።

«እኔን! መቼ?»

«ዓመቷ ነው።»

መንሹን መሬት ላይ ተከለና ነጩን ጫማዬን አየ።

«ታዲያ ዛሬ ነው የምትሮጥ?» አለኝ።