የመብራት መጥፋት ያላቆመው ውድድር

የቴሌቪዥን ውድድር አስተላላፊን የሚያርም ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔን ብቸና ላይ አጋጥሞኛል። ጋሽ ውበቱ ይባላሉ፤ ጡረታ የወጡ የስፖርት መምህር ናቸው። በሻይ ቤታችን ቴሌቪዥን የብስክሌት ውድድር ሲከፈት፣ ዓይነ ስውር ከሆኑት ወዳጃቸው ከመሪጌታ ጥሩነህ ጎን ተቀምጠው የሚያዩትን ይነግሯቸዋል።

«ፈረንጁ ስለ መንገድ ዳር ግንብ ያወራል፤ የልጁ እግር መዛሉን አላየም!» እያሉ አስተላላፊውን ይወቅሳሉ።

አንድ ቀን ብስክሌተኞቹ ተራራውን ሲያጋምሱ መብራት ጠፋ። ጋሽ ውበቱ ግን መሪጌታ ጆሯቸውን አቅንተው ሲጠብቁ አዩና ዝም ማለት አልሆነላቸውም።

«ወጣ! አንዱ ተገንጥሎ ወጣ!» አሉ።

ከዚያማ ልጁን ከዓባይ ድልድይ እስከ ደጀን ያለውን የሚያስንቅ ዳገት አስወጡት። ሻዩን የጨበጠ ሁሉ መጠጣቱን ረሳ። እኔም፣ ምን እዋሻለሁ፣ የጠፋው ቴሌቪዥን ላይ አፍጥጬ «አይዞህ!» ብያለሁ። ልጁ አሸነፈ፤ አጨበጨብንለት።

መሪጌታ እጃቸውን ሰደው የጋሽ ውበቱን ጉልበት ያዙ።

«ፈረንጁ ዝም ካለ እኮ ቆየ፣ ውበቱ።»

ጋሽ ውበቱ አቀረቀሩ። «ይቅር ይበሉኝ፣ መሪጌታ።»

«ምኑን ነው ይቅር የምልህ? ይልቅ ዳገቱ ላይ የቀሩ አሉ፤ እነሱንም አስገባልኝ።»