የቻይናው ባልደራስ እና አያ ቢሻው

ፈረስ አዋቂ በየአገሩ አለ። የአገው ምድር ችግር ፈረስ የማያውቅ ሰው መጥፋቱ ነው። ከሁሉም የሚብሰው ደግሞ ሳይጠየቅ የሚፈርደው ነው፤ እሱ ባለበት ሠርግም ለቅሶም በሰላም አያልፍም።

በዳንግላ ገበያ ዳር ሻይ ቤት የከፈተችው ደጊቱ የገጠማት እንዲህ ያለው ሰው ነው፤ ክቡር አቶ ቢሻው፣ የእንጅባራው። የገዛ ወንድማቸው ቀብር ላይ አስከሬን አስቁመው የፈረሰኞቹን ኮርቻ ሁሉ ዞረው ያጠበቁ ሰው ናቸው። "ወንድሜ በላላ ኮርቻ አይሸኝም" አሉ፤ ቄሶቹ ፀሐይ ላይ ቆመው ጠበቁ።

አንድ ነጋዴ ከአስመራ ሲመለስ ለደጊቱ የቻይና ሥዕል አመጣላት። ደንዳና አምባላይ ፈረስ ችካል ላይ ታስሮ አንገቱን ወደ ላይ ይወጥራል። አጠገቡ እጅጌው የረዘመ ባልደራስ፣ የፈረሱ ጠባቂ፣ ቆሞ ወዲያ ያያል። ግድግዳዋ አማረላት፤ ደንበኛውም ወደደው።

አያ ቢሻው ቅዳሜ ገብተው አዩትና ሻያቸውን ሳይነኩ ተነሡ።

"ለዚህ ሰውዬ ፈረስ ያስያዘው ማነው?"

"የሥዕል ሰው እኮ ነው፣ አያ ቢሻው። ቻይና ነው።"

"ቻይና ቢሆንስ? እንዲህ አሳጥሮ አስሮ ወዲያ ያያል? ዓይኑን አላየሽም? ውሃ ጠምቶታል።"

ከዚያ ወዲያ ገበያ በዋለ ቁጥር እየመጡ ባልደራሱን ቁም ስቅሉን ያሳዩት ጀመር። አንድ ደንበኛ፣ "ፈረሱ ወፍራም አይደል፣ ተመችቶታል" ቢል፣ "ውፍረት ምቾት ነው ያለህ ማነው?" ብለው እስኪመሽ አስተማሩት። ሰውየው ራሱ ወፍራም ነበርና ተቀይሞ ወጣ፤ ዳግም አልመጣም። ሌሎችም እሱን ተከትለው ቀሩ። ደጊቱ ይህን ሁሉ ችላ ሻያቸውን ትቀዳ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ግን ከጓዳ ስትመለስ አያ ቢሻው አግዳሚው ላይ ወጥተዋል። ከምድጃዋ ባነሡት ከሰል ፈረሱ ፊት ጠማማ ገንዳ ሥለዋል።

"ምን አደረጉ?"

"ውሃ አቀረብኩለት።"

"ሥዕሌን አበላሽተው! ይውጡልኝ። ከእንግዲህ እዚህ ቤት ሻይ የለዎትም።"

አያ ቢሻው ከአግዳሚው ወረዱ፤ እጃቸውን ጋቢያቸው ላይ ጠርገው ወጡ።

ደጊቱ እየተንጨረጨረች ጨርቅ አንሥታ ከሰሉን ልታጠፋ ተጠጋች። እንዲህ ቀርባው አታውቅም ነበር። የፈረሱ ዓይን ፈጦ ወደ ላይ ተንጋጧል፤ አፉ ተከፍቷል። እጇ ቆመ። ቆይታ ባልደራሱን አየችው፤ አሁንም ወዲያ ያያል። "አንተ ደንቆሮ" አለችው፤ ጨርቁንም ወረወረችው።

ለእንጅባራ ገበያተኞች ነግራ አያ ቢሻውን አስጠራቻቸው። መጡ፤ ግን ደጃፉ ላይ ቆሙ። ውስጥ አንድ አዲስ እንግዳ ሥዕሉን እያየ፣ "ይቺ ጥቁር ነገር ምንድን ናት?" ይላታል።

"ገንዳ ናት" አለች ደጊቱ። "ቻይናው ረስቷት ነው።"

አያ ቢሻው ይህን ሰምተው ገቡና ተቀመጡ።

"ባልደራሱን ግን አልማርኩትም" አሉ።

"አይማሩት" አለችና ሻያቸውን ቀዳችላቸው።