አገናኙ እስኪመረጥ

ጥበብ ከሰማይ ስትወርድ ያረፈችው በእኛ መሥሪያ ቤት ጣሪያ ላይ ነው። ጣሪያው ማፍሰስ የጀመረውም ከዚያን ቀን ወዲህ ነው።

የምንሸጠው የሕክምና አልጋ ነው። ሽያጭ ክፍል የራሱ ኮምፒውተር አለው፤ መጋዘኑም የራሱ አለው፤ ሁለቱ ግን እንደ ተኳረፉ ጎረቤታሞች አይነጋገሩም። ስለዚህ እኔ ተላላኪዋ የሽያጩን ወረቀት ይዤ አሥራ አራት እርምጃ እራመድና ለመጋዘን እሰጣለሁ። ይህ ኋላቀርነት ነው ተባለ። እውነት ነው፤ ወረቀቱ በሰዓቱ ይደርስ ነበርና።

ስለሆነም ሁለቱን የሚያነጋግር አገናኝ ሶፍትዌር የሚመርጥ ኮሚቴ ተቋቋመ። እስኪመረጥም ወረቀት ማመላለስ በደብዳቤ ታገደ። ደብዳቤውን ለየክፍሉ ያደረስኩት እኔ ነኝ።

በዚያው ሳምንት አንዲት አዋላጅ ደረሰኟን ይዛ መጣች። ሁለት መንገድ ተሻግሮ ባለው ጤና ጣቢያዋ ያለው ብቸኛ ማዋለጃ አልጋ እግሩ ተሰብሮ በብሎኬት ተደግፏል። የገዛችው አዲሱ ደግሞ በመጋዘኑ መስኮት ይታያል፤ ጎማው ሳይቀር ያብለጨልጫል።

«እማማ፣ ያ አይደለም እንዴ የኔ?»

«ነው ልጄ። ግን መጋዘኑ ያንቺ መሆኑን አያውቅም።»

«ታዲያ ይንገሩታ!»

«ተከልክያለሁ። የሚነግረው እየተመረጠ ነው።»

ለኮሚቴው ሦስት አገናኞች ቀረቡ። የመጀመሪያው በተሞከረበት ቀን ሠራ። የሊቀመንበሩ ፊት ጠቆረ። ሰውየው አፉን በከፈተ ቁጥር «በመርህ ደረጃ» ስለሚል ስሙ እሱው ሆኖ ቀርቷል።

«በመርህ ደረጃ፣ ዛሬ መጥቶ ዛሬ የሚሠራ ነገር ጥልቀት የለውም» አለ። «ነገስ ምን ልንሰበሰብበት ነው?»

አገናኙ ወደቀ። የሁለተኛው መመሪያ አሥር ገጽ ብቻ ሆኖ ተገኘ፤ ናቁት። የሦስተኛውን መመሪያ ግን ሁለት ሰው ተሸክሞ አስገባው። ማንም ሳይገልጠው በሙሉ ድምፅ ተመረጠ። እኔ ጫማ እንኳ ሳልለካ አልገዛም፤ ግን ምን አውቃለሁ፣ ኮሚቴ አይደለሁ።

አዋላጇ ለአምስተኛ ጊዜ ስትመጣ ቀኑ የአገናኙ ምረቃ ሆነ። ሪባን ተቆረጠ። አቶ በመርህ ደረጃ ስለ ፍጥነት አንድ ሰዓት ከሩብ ተናገረ። ከዚያ «የመጀመሪያዋ ዕድለኛ!» ብሎ አዋላጇን ከፊት አቆማትና ቁልፉን ተጫነ። የሽያጩ ኮምፒውተር ለመጋዘኑ ተናገረ፤ የመጋዘኑም በዓይን ጥቅሻ መለሰ፦ «ትዕዛዙ ስድስት ወር ስላለፈው ተሰርዟል።»

«አያችሁ!» አለ አቶ በመርህ ደረጃ፣ ወደ ኮምፒውተሩ እየጠቆመ። «ድሮ ይህን ለመሰረዝ ሦስት ሳምንት ይፈጅብን ነበር!»

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። አዋላጇ «ሁለት ሴቶች ቀናቸው ደርሷል፤ ምን ላይ ላስተኛቸው?» ብትል ማን ይስማት።

እጇን ያዝኩ። «ነይ። እነሱ ያጨብጭቡ።»

የመጋዘኑም ሰዎች አዳራሽ ናቸው፤ በሩ ወለል ብሏል። ደረሰኟን አልጋው ከነበረበት አስቀመጥንና እየገፋን ወጣን። ዘበኛው ብድግ አለ።

«እማማ፣ ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?»

«አልጋ ነው። የተከለከለው ወረቀት ማመላለስ ነው።»

የግቢውን በር ከፈተልን።

ባለፈው ሳምንት ኮሚቴው አገናኙ ቅንጣት ስህተት እንደሌለበት መርምሮ አረጋገጠ። በኮምፒውተሩ ውስጥ አልጋው ዛሬም መጋዘን ነው፤ ከቦታው ንቅንቅ አላለም። እስከ ትናንት አሥራ ሰባት ልጆች ተወልደውበታል።