በአሥራ ሁለት ሺህ ብር የተገዛ አንድ ብር

ሰው ሁሉ ብልጥ ነው፤ ጥሩ ሻጭ እስኪያጋጥመው ድረስ! እናንተም ብትሆኑ አታመልጡም። «እኔን ማንም አያታልለኝም» እያለ ደረቱን የሚነፋ ሰው ካለ ቤቱ ገብታችሁ ቁም ሣጥኑን ክፈቱበት፤ አንድ ቀን ያልተለበሰ ካፖርትና አንዴ ብቻ የሠራ የጁስ መጭመቂያ ታገኛላችሁ። እኔ ግን ካፖርትም መጭመቂያም አልገዛሁም። እኔ የገዛሁት አንድ ብር ነው። አዎ፣ አንድ ብር! የባጃጅ ሾፌር መልስ ብሎ መዳፋችሁ ላይ የሚጥለውን፣ አንበሳ ያለበትን ክብ ሳንቲም። ዋጋው ደግሞ... ቁጭ ብላችሁ ነው የምታነቡት? አሥራ ሁለት ሺህ ብር።

ዲላ መናኸሪያ አጠገብ አንዲት የጽሕፈት መሣሪያና የፎቶ ኮፒ ሱቅ አለችኝ። ከደንበኞቼ አንዱ ሚኪ ነው፤ ከአዲስ አበባ መጥቶ እዚሁ ዩኒቨርሲቲ የሚማር፣ ትርፍ ጊዜውን ሳንቲም በመሰብሰብ የሚያሳልፍ ልጅ። አንድ ቀን ኮፒ እያነሣሁለት ሳለ ከቦርሳው ግልጽ የፕላስቲክ ማሸጊያ አውጥቶ ባንኮኒው ላይ አኖረ። ውስጡ አንድ ብር ተቀምጧል። ከላዩ «68» ተብሎ ተጽፎበታል።

«ምን አጥፍቶ ነው የታሰረው?» አልኩት።

«ፋዘር፣ ይሄ እኮ ቶፕ ግሬድ ነው! ውጭ አገር ሄዶ፣ በባለሙያ ታይቶ፣ ከሰባ ስድሳ ስምንት አምጥቶ ነው የተመለሰው።»

«ስድሳ ሰባት ቢያመጣ ኖሮስ?»

«ያኔማ አንድ ሺህም አያወጣም።»

«በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ምንድን ነው?»

«እሱ በዓይን አይታይም።»

«ታዲያ በምን ይታያል?»

«በዋጋው!»

እዚህ ላይ መሳቅ ነበረብኝ። አልሳቅሁም። ጎንበስ ብዬ አየሁት እንጂ... ማየቱ ነው ያጠፋኝ። ቀኑን ሙሉ በእጄ የሚያልፈውን ገንዘብ ታውቁታላችሁ፤ በፕላስተር የተጠገነ፣ በርበሬ በርበሬ የሚሸት፣ ጥጉ ላይ የሆነች ልጅ ስልክ ቁጥር የተጻፈበት። ይህ ግን የሰው እጅ አልነካውም። አንበሳው ጎፈሩን አሁን አበጥሮ የወጣ ይመስላል። ደግሞስ ከሰባ ስድሳ ስምንት! እኔ በተማሪነቴ ስድሳ ስምንትን ከመቶ እንኳ አምጥቼ አላውቅም። እንዲህ ያለ ጎበዝ ቤቴ ቢገባ ምናለበት አልኩ።

በማግስቱ ለውሃ ታንከር ካጠራቀምነው ላይ አንሥቼ ገዛሁት።

ባለቤቴ ትዕግሥት የሒሳብ መምህርት ናት። ሰፈራችን ውሃ ሲያሻው ይመጣል፣ ሲያሻው ይጠፋል፤ ስለዚህ ያንን ታንከር እንደ ሙሽራ ነበር የምትጠብቀው። ማታ ራት ላይ ማሸጊያውን ፊቷ አስቀመጥኩላት።

«ምንድን ነው?»

«ኢንቨስትመንት!»

«እኔ የማየው አንድ ብር ነው።»

«ደረጃ ያለው አንድ ብር! የታንከሩ...»

አልጨረስኩም። ገብቷታል። ሳንቲሙን አገላብጣ አየችውና በጣም በቀስታ ጠየቀችኝ። «ስንት ሊትር ይይዛል?»

ትዕግሥት ከጮኸች ነገሩ ቀላል ነው። በቀስታ ከተናገረች ግን ሽሹ! «እስከ ቅዳሜ ይህ አንበሳ ተመልሶ ብር ይሁን፤ እስከዚያ ግን ከዛሬ ጀምሮ ውሃ ቀጂው አንተ ነህ» አለችኝ።

ሚኪ ጋ ሮጥኩ። ገንዘቡን ለቤት ኪራይ ከፍሎታል። ዲላ ውስጥ ለደረጃ ገንዘብ የሚያወጣ ሌላ ማን አለ ብዬ ሳስብ፣ ጋሽ ሽፈራው ትዝ አሉኝ። ጋሽ ሽፈራው ጨለለቅቱ ላይ የቡና ማጠቢያ ያላቸው፣ ዲላ ደግሞ መጋዘንና ቢሮ ያላቸው ነጋዴ ናቸው። ዕድሜ ልካቸውን ቡና ደረጃ አንድ ነው፣ ደረጃ ሁለት ነው ሲባል የኖሩ ሰው ስለ ደረጃ ይገባቸዋል አልኩ።

ማሸጊያውን ወደ መስኮቱ ብርሃን አድርገው አዩት።

«ቡና ደረጃ አንድ ከሆነ ስትጠጣው ታውቀዋለህ። ይቺ ምኗ ይጠጣል?»

«አይጠጣም ጋሼ፣ ይታያል።»

«ከተራው ይለያል?»

«በጣም እንጂ!»

«ትለየዋለህ?»

«እንደ ሚስቴ ፊት!»

ፈገግ አሉ። ያን ፈገግታ ሳይ መነሣት ነበረብኝ። «እኛ ቡና ስንቀምስ ስኒው ላይ የማን እንደሆነ አይጻፍም። ስም ካየህ ምላስህ ያዳላል። ያንተም እንደዚያው ይቀመስ። ከማሸጊያው ይውጣና ከዘጠኝ ተራ አንድ ብሮች ጋር ይቀላቀል። ለይተህ ካወጣኸው በሃያ ሺህ ብር እገዛሃለሁ።»

ሃያ ሺህ! እናንተ ብትሆኑ እምቢ ትሉ ነበር? አትዋሹ።

ማሸጊያው በቀላሉ የሚከፈት አልነበረም። በጉጠት ታግዬ፣ ጥርሴን ነክሼ፣ በመጨረሻ ቀጭ! ብሎ ሲሰበር የራሴ የጎድን አጥንት የተሰበረ መሰለኝ። ሳንቲሙን በመሐረብ ይዤ አወጣሁት። ጋሽ ሽፈራው ደግሞ ለመልስ ብለው ከባንክ ካወጡት አዲስ ሳንቲም ዘጠኝ ቆጥረው የቡና ናሙና ማሳያ ሰሃን ላይ ዘረገፉ።

«ዙርና ግድግዳውን ተመልከት» አሉኝ።

ዞርኩ። ከኋላዬ ሰሃኑን እንደሚቆላ ቡና ያምሱት ጀመር። ቅጭል! ቅጭል! ቅጭል! የሰው እጅ ያልነካው ጎበዜ ከተራ ሳንቲም ጋር ሲላተም እየሰማሁ፣ ግንቡን ተደግፌ «ጋሼ፣ በቀስታ!» እላለሁ። እሳቸው እቴ!

«በል፣ ዙር።»

ዞርኩ። አሥር አንበሶች አዩኝ። አሥሩም አብረቅራቂ፣ አሥሩም ጎፈራቸውን ያበጠሩ። አጎነበስኩ። መነጽሬን ወለወልኩ። አንዱን አነሣሁ፣ መለስኩ፣ ሌላውን አነሣሁ። ላቤ ሰሃኑ ላይ ጠብ አለ።

«ይሄ ነው!» አልኩ በመጨረሻ።

«እርግጠኛ ነህ?»

«...ወይም ይሄ።»

ጋሽ ሽፈራው ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ብታዩአቸው እንባቸው ፈሰሰ። እኔ አንገቴን ደፍቼ ጠበቅሁና «እሺ፣ ተሸንፌያለሁ። አሁን ሳንቲሜን ይስጡኝ» አልኩ።

ሳቃቸው ቀጥ አለ።

«የትኛውን?»

«ትክክለኛውን ነዋ! እርስዎ ያውቁት የለም?»

«እኔ ምን አውቄ? እንደ ሚስትህ ፊት የምታውቀው አንተ አይደለህ እንዴ!»

ሁለታችንም ሰሃኑ ላይ ተደፋን። እሳቸው በቡና መርማሪ ዓይን፣ እኔ በውሃ ቀጂ ዓይን። ምንም! አመሻሽ ላይ አሥሩንም በመሐረብ ቋጥሬ፣ እግሬን እየጎተትኩ ቤቴ ገባሁ።

ትዕግሥት ሁሉንም ሰማችኝ።

«እና የትኛው ነው?»

«ከአሥሩ አንዱ።»

«የትኛው?»

«ከአሥሩ... አንዱ።»

«እንግዲያው አሥር ብር ይዘህ መጥተሃል» አለችና ወደ ጄሪካኑ ጠቆመችኝ። አንሥቼ በር ላይ ስደርስ ግን ጠራችኝ። ፊቷ ተለውጧል። ጠመኔ የያዘች ጊዜ የሚኖራት ፊት ነው።

«ቆይ... አንዱ በእርግጥ ከውስጡ አለ?»

«በእናቴ!»

«ስለዚህ የእያንዳንዱ ዕድል ከአሥር አንድ ነው። አሥራ ሁለት ሺህ ለአሥር ሲካፈል...»

ቅዳሜ ሚኪና ሳንቲም ሰብሳቢ ጓደኞቹ ቤታችን ተሰበሰቡ። ትዕግሥት ጠረጴዛው ላይ ነጭ ጨርቅ አንጥፋ አሥሩን ደረደረችና አንዳች ሳትደብቅ ነገረቻቸው። «ማሸጊያው ተሰብሯል። ዘጠኙ ተራ ናቸው፣ አንዱ ስድሳ ስምንት ነው። የትኛው እንደሆነ እኔም ባሌም አናውቅም። እናንተ ባለሙያዎች ናችሁ፤ አይታችሁ ምረጡ። አንዱ አንድ ሺህ አምስት መቶ።»

ማንም የሚገዛ አልመሰለኝም ነበር። አጉሊ መነጽራቸውን አውጥተው ጠረጴዛውን ከበቡት እንጂ! ጥቂት ቆይቶ አንደኛው ልጅ ትንፋሹ ቁርጥ አለ። ደስታውን እየደበቀ፣ ትዕግሥት ሐሳቧን ሳትቀይር በፊት በጥድፊያ ከፍሎ ወጣ። ተከታዩም እንዲሁ «አገኘሁት» የሚል ፊት አሳይቶ ላጥ አለ። ሚኪ ራሱ የሸጠልኝን ሊያጣው እንደማይችል ምሎ አንዱን ይዞ ሄደ። ጋሽ ሽፈራው ሳይቀሩ መጡ፤ አንዱን እንደ ቡና አሽትተው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ኪሳቸው ከተቱት።

በመጨረሻ ማንም ያልመረጠው አንድ ብቻ ጨርቁ ላይ ቀረ። ትዕግሥት ሌላ ገዢ እስኪመጣ ብላ መስኮቱ ሥር አኖረችው። ከሁለት ቀን በኋላም አንድ የሚኪ ጓደኛ መጥቶ፣ ሳይከራከር ከፍሎ ወሰደው። በዚያው ሰኞ ታንከሩ ጣሪያችን ላይ ወጣ፤ የትዕግሥትም ፈገግታ አብሮት።

ያንን ልጅ ገንዘብ አስይዤ የላክሁት እኔ መሆኔን እባካችሁ ለትዕግሥት እንዳትነግሩብኝ። ምን ላድርግ? አሁን ዲላ ውስጥ ዘጠኝ ሰዎች ስድሳ ስምንቱ በእጃችን ነው እያሉ አንገታቸውን ቀና አድርገው ይሄዳሉ። ሳያቸው አንጀቴን ይበሉታል። ምስኪኖች! ትክክለኛው እኮ ያለው እኔ ጋ ነው።