አሥራ አንድ ፖርቹጋላውያንን ክርስትና ያነሳሁት እኔ ነኝ

ወገን፣ ዛሬ ከቅዳሴ በኋላ የደረሰብኝን ብነግራችሁ ግማሻችሁ አታምኑኝም፣ ግማሻችሁ ደግሞ አንፎሎው ታደርጉኛላችሁ።

ግን ካልተናገርኩ ልፈነዳ ነው። ሳቁብኝ በቃ!

ነገሩ የጀመረው ነሐሴ ላይ ነው። ደብረ ማርቆስን ጉም ውጧታል፤ እኔ ዲግሪዬን ታቅፌ ያለ ሥራ ቤት ተቀምጫለሁ። አባዬ መሪጌታ ናቸው፤ ጉልበታቸው ስለደከመ ማስተማሩን ትተዋል። እኔ ደግሞ ቅኔ ቤት ልከውኝ በሦስተኛው ወር የጠፋሁ ልጃቸው ነኝ። «እንዴት አደሩ?» «እግዚአብሔር ይመስገን።» የቀን ወሬያችን ይህችው ነበረች።

ታዲያ አንድ ቀን የኳስ ውጤት አፕ ከፍቼ ትልቅ ቡድን ልመርጥ ስል አውራ ጣቴ አዳለጠኝ። የነካሁት የአንዲት ትንሽ የባሕር ዳርቻ ከተማ ቡድን ሆነ።

የፖርቹጋል ሁለተኛ ዲቪዚዮን!

ስሙን አልነግራችሁም። ሰርች አድርጋችሁ ደረጃችንን ታዩብኛላችሁ።

ላጠፋው ስል ኖቲፊኬሽን መጣ። «23ኛው ደቂቃ፣ ኮርነር።» ከዚያ ዝም። ቪዲዮ የለ፣ ድምፅ የለ። የቀረውን የምሞላው እኔ ነኝ። ጓሮ ባሕር ዛፉ ሥር ቁጭ ብዬ ነፋሱ ኳሷን ሲያንሳፍፋት፣ ከጎሉ ጀርባ ውኃው ሲያብረቀርቅ፣ አንድ ሽማግሌ ካፖርቱን ደርቦ ብቻውን ሲያጨበጭብ አያለሁ። ባሕር በዓይኔ አይቼ አላውቅም እኮ! ግን ጉሙ ግቢያችን ሲገባ የዚያን ባሕር ጨው ምላሴ ላይ የምቀምሰው ይመስለኝ ነበር።

«ምንድን ነው እንዲህ የሚያፈዝህ?» አሉኝ አባዬ አንድ ቀን።

ነገርኳቸው። በሳምንቱ ራሳቸው ጠሩኝ። «እነዚያ ልጆች እንዴት ሆኑ?»

ተሸንፈዋል አልኳቸው። አዘኑ። እውነት እላችኋለሁ፣ ከልባቸው አዘኑ! «እንግዲያው በጸሎት ላስባቸው። የክርስትና ስማቸውን ንገረኝ።»

እኛ ጋ ሰው በዓለም ስሙ አይጸለይለትም፤ ታውቃላችሁ። «አላውቅም» ማለት ነበረብኝ። አንዲት ቃል!

«በረኛው ገብረ ማርያም ነው» አልኩ።

ምን ነካኝ?! ከዚያማ ማን ያስቁመኝ። አጥቂው ወልደ ሚካኤል፣ ግራ ተመላላሹ ኃይለ ገብርኤል... አሥራ አንዱንም በአንድ ቀን አጠመቅኋቸው። ለምን መሰላችሁ? አባዬ እንዲህ ዓይን ዓይኔን እያዩ ካዳመጡኝ ስንት ዓመት ሆኗቸዋል። ወሬው እንዳይቋረጥ ፈራሁ።

ዓመቱን ሙሉ በየሳምንቱ አብረን ተቀመጥን። ሁዳዴ ላይ አራት ለባዶ ተሸነፍን። «ይጾማሉ እንዴ?» አሉኝ። ዋሸሁ፤ አዎ አልኩ። «ታዲያ በባዶ ሆዳቸው ምን ያድርጉ!» ብለው ለፖርቹጋሎች ጠበቃ ቆሙ።

ዛሬ የዓመቱ የመጨረሻ ጨዋታ ነበር። ካላሸነፍን ወደ ሦስተኛ እንወርዳለን። ቅዳሴ አልቆ ሕዝቡ ሊወጣ ሲል ቄሱ ከኪሳቸው ወረቀት አወጡ።

«መሪጌታ በባሕር አጠገብ በጭንቅ ላይ ላሉ ልጆቻቸው ጸልዩልኝ ብለዋል። ገብረ ማርያም! ወልደ ሚካኤል! ኃይለ ገብርኤል!...»

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ምን ነበረበት!

ከአጠገቤ አንዷ እናት «ወይኔ፣ በሊቢያ በኩል ሄደው ነው» ብላ እንባዋን አፈሰሰች። አምስተኛው ስም ላይ ጫማዬን አንጠልጥዬ ሮጥኩ።

ከደጀ ሰላሙ ጀርባ ጥቂት ተደብቄ ቤት ስደርስ ግን ሰፈሩ በአቋራጭ ቀድሞኛል። ጎረቤታችን እትዬ ዘውዴ ነጠላቸውን ለለቅሶ አዘቅዝቀው ተቀምጠዋል። «ይበልጣል ልጄ፣ ደላላው ማን ነው? ከደወሉ ስንት ቀናቸው?»

እንባቸውን ሳይ መዋሸት አቃተኝ።

«ኳስ ተጫዋቾች ናቸው፣ እትዬ። የፖርቹጋል።»

ቤቱ ሙሉ ሰው እርስ በርሱ ተያየ።

«ፈረንጅ ደግሞ ገብረ ማርያም ይባላል እንዴ?» አሉ እትዬ ዘውዴ።

አባዬ በመቋሚያቸው ተደግፈው በር ላይ ደርሰው ነበር፤ ሰምተዋል። አሁን አለቀልኝ አልኩ። በጸሎት የዋሸሁባቸው ልጅ እንዴት ብዬ ዓይናቸውን አያለሁ?

«ስሙን ያወጣው እሱ ነው» አሉ ረጋ ብለው። «ካወቅሁ ቆየሁ። በረኛው አንድ ሳምንት ገብረ ማርያም፣ በሚቀጥለው ተክለ ሃይማኖት ሆነብኝ።» ሰው ሁሉ ሳቀ። እሳቸው ግን እኔን እያዩ ነበር። «ዝም ያልኩህ፣ ከነገርሁህ ቀርበህ መቀመጥህን ትተዋለህ ብዬ ነው። እግዜር እንደሆነ ልጆቹን በየትኛውም ስም አያጣቸውም።»

እጃቸውን ይዤ ወደ መቀመጫቸው አመጣኋቸው።

እትዬ ዘውዴ ነጠላቸውን አስተካክለው ለበሱ። «ስንት ሰዓት ነው የሚጫወቱት?»

«ሰባት ሰዓት።»

«እንግዲያው ሳናይ የት እንሄዳለን!»

ለቅሶ የመጣ ሕዝብ ስልኬን ከቦ ተቀመጠ! እኔ አነባለሁ፣ ባሕሩን እጨምራለሁ፣ ነፋሱን እጨምራለሁ። ማንም ዋሸህ አላለኝም። አንድ ለአንድ ሆነን እስከ ሰማንያ ስምንተኛው ደቂቃ ደረስን። ከዚያ ስክሪኑ ዝም አለ።

ሁለት ለአንድ። ወረድን።

እትዬ ዘውዴ ደረታቸውን መቱ። አባዬ ግን «ለሦስተኛ ዲቪዚዮን ጸሎት አይደረስም ያለው ማን ነው?» አሉ።

ሰው ሲወጣ እትዬ ዘውዴ በሩ ላይ ቆም አሉ። «ኳስ ተጫዋች አሥራ አንድ አይደለም እንዴ? ቄሱ እኮ አሥራ ሁለት ስም ነው የጠሩት። በጣቴ ቆጥሬያለሁ።»

አባዬ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ቄሱ የመለሱላቸው ወረቀት ከመታጠፍ ብዛት አርጅቶ ዳዊታቸው ውስጥ ነበር። አሥራ አንዱ የእኔ ፈጠራዎች ተደርድረዋል። ከሥር፣ አሥራ ሁለተኛ ላይ፣ «ወልደ ጊዮርጊስ» ይላል።

የእኔ የክርስትና ስም ነው።

ዓመቱን ሙሉ በጭንቅ ላይ ካሉት ልጆች ጋር ሲጸልዩልኝ ከርመዋል፤ እኔ ደግሞ ስለ በረኛው ሳወራላቸው።

እስቲ ኳስ የምታውቁ ንገሩኝ፦ ዓመቱን ሙሉ ተቀያሪ ወንበር ላይ ተቀምጦ መሰለፉን ያላወቀ ተጫዋች ምን ይባላል?